የአቃቂው አዛውንት በአርመን ሠፈር

ሚያዝያ 16 ቀን 2008 ዓ.ም. የሆሳዕና ዕለት ነበር። ከአቃቂ ወንዝ ማዶ ካለ አንድ መንደር የሰባ ሦስት ዓመት አዛውንት የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ወጡ። በጣታቸው ላይ ማለዳ ከቤተ ክርስቲያን ያገኙት የዘንባባ ቀለበት፣ በእጃቸው በነጭ መሐረብ የተቋጠረ የገብስ ቆሎ፣ በውስጥ ኪሳቸው ደግሞ በወረቀት የተጠቀለለች አንዲት የነሐስ የኮት ቁልፍ ነበረች። መንገዳቸው ፒያሳ አጠገብ ወዳለው ወደ አርመን ሠፈር ነው። የሚያደርሱት መልእክት ግን የራሳቸው አይደለም፤ ከአባታቸው የተረከቡት፣ ዘጠና አንድ ዓመት ያለፈው አደራ ነው።

ወደ ታክሲው ከመሄዳቸው በፊት አዛውንቱ እንደ ልማዳቸው በአሮጌው ባቡር ጣቢያ በኩል ዞሩ። በዚያ ጣቢያ ሠላሳ ዓመት ያህል ሠርተዋል፤ ሐዲድ እያቀያየሩ መጪውንና ሂያጁን ባቡር በየመስመሩ አስገብተዋል። የዚያን ዕለት ግን ሐዲዱን ሣር ውጦታል፤ ከብረቱ መካከል የበቀለውን እሾህ ፍየሎች ይቀነጥሱታል። ከጅቡቲ የተነሣው መስመር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋን ካስቆረቆረ በኋላ፣ በረሃውንና ሸለቆውን እያቋረጠ፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ከአቃቂ ደርሶ ነበር። ከዋና ከተማዪቱ 23 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲቀረው ማለት ነው። አዲስ አበባ የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከባሕር ማዶ የመጣ ሁሉ አዲስ አበባን ከማየቱ በፊት አቃቂን ያይ ነበር። የድሮው ባቡር በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከዚህ መስመር ድምፁን ካጠፋ ወዲህ፣ አዛውንቱ በጣቢያው በኩል ሳያልፉ ወደ ሌላ ቦታ ሄደው አያውቁም።

«አባባ፣ ልጆቹን ያየዋቸው እዚህ ጋ ነው?» አለች የልጅ ልጃቸው፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጃገረድ።

«እኔ አይደለሁም፤ አባቴ ናቸው። እኔ ያኔ አልተወለድኩም» አሉ አዛውንቱ። ታሪኩን ልጅቱ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች፤ ነገር ግን በዚያ ቦታ ቆሞ መስማት ሌላ ነገር ነው፤ ስለዚህ እንደገና ጀመሩላት።

አባታቸው በ1916 ዓ.ም. የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። አያታቸው በጣቢያው ለሚያልፍ መንገደኛ ቆሎ በመሸጥ ይተዳደሩ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በጳጉሜ፣ አንድ ባቡር ውሃ ሊሞላ ከጣቢያው ቆመ። ከመስኮቶቹ ብዙ ወንዶች ልጆች አንገታቸውን አወጡ። ፊታቸው የቀላ፣ ፀጉራቸው የተላጨ፣ ቋንቋቸው የማይታወቅ ነበር። አያቲቱ ከጣቢያው ሠራተኞች አንዱን «የእነዚህ እናቶች የት አሉ?» ብለው ጠየቁት። ሰውየውም «እናት የላቸውም አሉ፤ ጦርነት ነው የጨረሰባቸው፤ አልጋ ወራሹ ናቸው ያስመጧቸው» አላቸው። አያቲቱ ሌላ ቃል አልተናገሩም። እንቅባቸውን ብድግ አድርገው ወደ መስኮቱ ተጠጉና ቆሎውን በእፍኝ በእፍኝ እያደረጉ በተዘረጋው እጅ ሁሉ ላይ አፈሰሱት፤ የዚያን ቀን የሚሸጡት አልተረፋቸውም። ከልጆቹ አንዱ ቆሎውን መጀመሪያ አሸተተው፤ ቀጥሎ ቀመሰው። ባቡሩ ሲያፏጭ ከኮቱ ላይ አንዲት ቁልፍ በጥሶ፣ ከእናታቸው አጠገብ ቆሞ ሽቅብ ያይ ለነበረው የስምንት ዓመት ልጅ ወረወረለት። ባቡሩም ሄደ።

አያቲቱ ቁልፏን አይተው «የሰው ልጅ ልብሱን አጉድሎ የሰጠህ ነው፤ አደራ ነው፤ አንድ ቀን ትመልስለታለህ» አሉ። አባትም ቁልፏን በሣጥናቸው ሲያኖሩ ኖረው፣ ሲሞቱ ለልጃቸው አስረከቡ። ልጆቹ እነማን እንደ ነበሩ ግን እናትም ልጅም ሳያውቁ ሞቱ። አዛውንቱም ቢሆኑ ያወቁት ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ አንድ ቀን በሬዲዮ ስለ «አርባ ልጆች» ሲነገር ሰምተው፣ ዓመቱንና ወሩን በጣታቸው ሲቆጥሩ ነው።

የአርባ ልጆች ታሪክ በእርግጥ የታወቀ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮፓ ሲጓዙ በኢየሩሳሌም የሚገኘውን የአርመን ገዳም ጎበኙ። በዚያ ገዳም በኦቶማን መንግሥት ከደረሰው እልቂት የተረፉ የአርመን ወላጅ አልባ ሕፃናት ተጠልለው ነበር፤ ከእነርሱም ጥቂቶቹ በነፋስ መሣሪያ የተደራጀ የሙዚቃ ጓድ ነበራቸው። ራስ ተፈሪ ከፓትርያርኩ ጋር ተነጋግረው አርባውን ልጆች ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው። አብሯቸው የመጣው መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በአይንታብ የተወለደ ሙዚቀኛ ነበር። ከሌሎች መንገደኞች ሁሉ ጋር ልጆቹም ከጅቡቲ በባቡር መጡ። አዲስ አበባ የገቡት በ1916 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ነው። አቃቂን ሳያልፍ አዲስ አበባ የሚገባ ባቡር አልነበረምና የአያቲቱ ቆሎ ለማን እንደ ተሰጠ አዛውንቱ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተጠራጠሩም።

ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ የሚያደርሰው የኤሌክትሪክ ባቡር ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ዓ.ም. ነበርና፣ የዚያን ዕለት ገና የዓመት ዕድሜ እንኳ አልነበረውም። መስመሩ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ለአዛውንቱ የመጀመሪያ ጉዟቸው ነበር። ባቡሩ ያለ ጭስና ያለ ፉጨት ሲንቀሳቀስ ጊዜ ግራ ተጋቡ፤ ቀጥለው ግን እጃቸውን ከወንበሩ ብረት ላይ አሳርፈው የሐዲዱን መጋጠሚያ ምት ሊያዳምጡ ሞከሩ። «ምቱ የለም፤ ብረቱን አያይዘውታል» አሉ እንደ መገረም ብለው። ሳሪስ አለፈ፤ ጐተራ አለፈ። ለገሃር ሲደርሱ ከድሮው ጣቢያ ፊት ለፊት ባርኔጣቸውን አነሡ። አጠገባቸው የተቀመጠ ወጣት የምን ሰላምታ እንደ ሆነ ሳይገባው ዞር ብሎ አየ።

ከልደታ ወዲህ «ዳርማር» የሚል ፌርማታ መጣ። ልጅቱ ቃሉን ደጋግማ አለችውና «ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። ዳርማር በአርመን ነጋዴዎች የተቋቋመ የጫማ ፋብሪካ ስም ነበር፤ በኋላ አንበሳ ጫማ ተባለ። ፋብሪካው ስሙን ከለወጠ ብዙ ዓመት አልፏል፤ ሠፈሩ ግን አልለወጠም፤ አዲሱም ባቡር የሠፈሩን ሰው አፍ ተከትሎ ፌርማታውን ዳርማር አለው። ስለዚህ በየዕለቱ በሺ የሚቆጠር ሕዝብ ሳያውቀው አንድ የአርመን ስም እየጠራ ይወርዳል፤ እየጠራ ይወጣል።

ባቡሩ ከመጨረሻው ጣቢያ የሚገባው በዋሻ ነው። ይህ ዋሻ ሲቆፈር የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነሥቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆሟል። አያትና የልጅ ልጅ ከምድር በታች ወጥተው ብርሃኑ ሲቀበላቸው ፊት ለፊታቸው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት፣ ከጀርባው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ታየ። ሐውልቱ በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ዋዜማ የተመረቀ ነው፤ ጣልያን አንሥቶ ቀበረው፤ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ባለ ስምንት ማዕዘኑ ካቴድራል ደግሞ የዓድዋን ድል ለመዘከር የተሠራ፣ በወረራው ዘመን በ1929 ዓ.ም. የተቃጠለ፣ ኋላም የታደሰ ነው። የዚያን ዕለት ደጃፉ ዘንባባ በያዘ ምእመን ተሞልቶ ነበር። አዛውንቱ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ተሳለሙና ለልጅቱ አንድ ነገር ነገሯት፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በዚህ ቦታ ዘውድ ሲጭኑ፣ ለበዓሉ የተዘጋጀውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ያ የልጆቹ መምህር ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። መዝሙሩ እስከ ዐብዮቱ ዘመን ተዘመረ። አዛውንቱም በልጅነታቸው ከአቃቂ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ በየማለዳው ዘምረውታል፤ ዜማው ከየት እንደ መጣ ግን ማንም አልነገራቸውም ነበር።

ቁልቁል ወደ ፒያሳ ወረዱ። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ቃጠሎ የደረሰበትን ጣይቱ ሆቴልን አዩ። የትምባሆ ነጋዴ በነበረው በማቲግ ኬቮርኮፍ ስም የሚጠራውን የድንጋይ ሕንፃ አልፈው፣ በራስ መኰንን ድልድይ አቅጣጫ ወደ አርመን ሠፈር ገቡ።

ሠፈሩ ትንሽ ነው፤ ሳያውቁ የሚያልፉበት ዓይነት ነው። መንገዱ ቁልቁለት፣ ግንቡ አሮጌ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ የዛገ ነው። ዓይን ያላት ልጅ ግን ከሌላው ሠፈር የሚለየውን ወዲያው አየች፤ ከፎቅ ላይ ወደ ውጭ የወጣ የእንጨት ሰገነት፣ በተፈለፈለ እንጨት የተከበበ በረንዳ፣ ሰፊ መስኮት። እንዲህ ካሉት ቤቶች የአንዳንዶቹ ባለቤትና ሠሪ ሚናስ ከርበኪያን የተባለ አርመናዊ መሐንዲስ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ በኋላ ብዙዎቹ ቤቶች የመንግሥትና የቀበሌ ሆነው፣ በአንዱ ቤት ሦስትና አራት ቤተ ሰብ ይኖርበት ጀመር። ፒያኖ የነበረበት ክፍል ወጥ ቤት ሆነ። በሰገነቱ ላይ በርበሬ ተሰጣበት። የአርመን ጸጋና የአዲስ አበባ ኑሮ በአንድ ጣሪያ ሥር ተላመዱ።

አርመኖች ወደዚህ አገር መምጣት የጀመሩት ከአርባ ልጆች ብዙ ቀድሞ ነው። ንግሥት እሌኒ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ መልእክት የላከችው ማቴዎስ በተባለ አርመናዊ ነጋዴ እጅ ነበር፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1514 ሊዝበን ደርሷል። በጎንደር ዘመን ሙራድ የተባለ አርመናዊ የነገሥታቱ መልእክተኛ ሆኖ እስከ ህንድና እስከ ባታቪያ ተመላልሷል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን መሣሪያ ያቀርብ ነበር፤ መንገድ መዳመጫ ግዙፍ ሞተር ስላስመጣም «የሰርኪስ ባቡር» የሚለው ስም ከሕዝቡ አፍ ገባ። ወርቅ አንጥረኛው፣ ልብስ ሰፊው፣ ጫማ ሠሪው፣ ፎቶግራፍ አንሺው ተከታትለው መጡ። አርቲስቲክ ማተሚያ ቤትን ያቋቋመውም አርመናዊ ነው። ከእልቂቱ በኋላ ደግሞ የተረፈው መጣ። ቁጥራቸው ከፍ ባለበት ጊዜ ከአንድ ሺ በላይ ነበሩ፤ አዛውንቱ ሠፈሩን በጎበኙበት ዓመት መቶ ያህል ቀርተዋል።

የቅዱስ ጊዮርጊስ የአርመን ቤተ ክርስቲያን በ1920ዎቹ ዓ.ም. ሚህራን ሙራዲያን በተባለ ባለጸጋ ልግሥና የተሠራ፣ በትንሽ ቅጥር የተከበበ የድንጋይ ሕንፃ ነው። በሩ ክፍት ነበር። ዘበኛው «ዛሬ ጸሎት አላቸው፤ ግቡ» አላቸው። ልጅቱ ከድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ አይታ ቆመች።

«አባባ፣ የእኛ ፊደል ነው! ይህቺ ‘ሀ’ ናት!»

«እኛ ጋ ‘ስ’ ነች» አለ ከኋላቸው አንድ ድምፅ፤ ጥርት ያለ፣ የአራዳ ልጅ አማርኛ ነው። ዞር ሲሉ ጥቁር የለበሱ፣ ዱላ የያዙ ባልቴት ቆመዋል። «የእኛን ፊደል የቀረጸው ቅዱስ መስሮፕ ነው፤ ሺ ስድስት መቶ ዓመት አልፎታል። ብዙዎቹ ፊደሎች መልካቸው ከእናንተ ጋር ይመሳሰላል፤ ድምፃቸው ግን ሌላ ነው። እንደ እኛ ማለት ነው።» ሳቁ። «እንኳን ለሆሳዕና አደረሳችሁ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን፣ እትዬ» አሉ አዛውንቱ።

«እኛ ፋሲካን ካከበርን ወር ሊሞላን ነው። ዛሬ የእኛ ሌላ ቀን ነው፣ ጋሼ» አሉ ባልቴቲቱ።

እውነት ነው፤ የዚያን ዓመት ሆሳዕና የዋለው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን ነው። አርመኖች በያሉበት ሙታናቸውን የሚያስቡት በዚህ ዕለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 በዚያ ቀን በቁስጥንጥንያ የነበሩ የአርመን ጸሐፊዎች፣ መምህራንና የሕዝብ መሪዎች ከየቤታቸው ተለቅመው ተወሰዱ፤ አብዛኞቹም አልተመለሱም። የሕዝቡ መጋዝና መፈጀት ከዚያ ቀጠለ። ባቡሩ አቃቂ የደረሰው በዚያው ዓመት ነው። አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ፤ አንዱ ሕዝብ ሐዲድ ሲዘረጋ፣ ሌላው ከምድር ሲነቀል ዓመቱ አንድ መሆኑ ልባቸውን ነካው።

ውስጡ ቀዝቃዛና ጸጥተኛ ነው። ከመድረክ ከፍ ባለው መንበር ፊት ለፊት መጋረጃ ተዘርግቷል። ምእመናኑ ከሃያ አይበልጡም፤ ከእነርሱም ውስጥ ጥቂቱ ልጅ፣ ብዙው ሽማግሌ ነው። ዜማው ለጆሮ እንግዳ ቢሆንም፣ የጸናጽሉ ድምፅና የዕጣኑ ሽታ የራቀ አልነበረም። የኢትዮጵያና የአርመን አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ451 የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ ያልተቀበሉ፣ በእምነት እኅትማማች ናቸው። አዛውንቱ ከመጨረሻው ረድፍ ቆመው በልባቸው «ነፍስ ይማር» አሉ። ጸሎቱ ሲያበቃ ይህንኑ ለባልቴቲቱ ነገሯቸው።

ባልቴቲቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዱሮ እኛም እንደዚያ እንል ነበር። ከአምና ጀምሮ ግን ቤተ ክርስቲያናችን ቅዱሳን ብላቸዋለች። አሁን ‘ነፍስ ይማር’ አንልም፤ ‘ጸልዩልን’ ነው የምንላቸው። መቶ ዓመት አልቅሰንላቸው ነበር፣ ጋሼ፤ አሁን ደግሞ እነርሱ ይለምኑልን።»

ከዚያም ሁለቱን እንግዶች ወደ ቤታቸው ወሰዷቸው። «ጾም እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ወተት አላስነካም» ብለው፣ ስኳር ጨምረው በትንሽ የነሐስ ማንቆርቆሪያ የፈላ ወፍራም ቡና አቀረቡ። አዛውንቱም መሐረባቸውን ፈትተው ቆሎውን ከጠረጴዛው ላይ አኖሩ። የቤቱ ግድግዳ በፎቶግራፍ ተሸፍኗል፤ ሙሽሮች፣ ልጆች፣ አንዳንዱ ከባሕር ማዶ። ልጅቱ ከአንዱ ፊት ቆመች።

«ይህ መስጊድ ነው፣ እማማ?»

«ቤተ ክርስቲያን ነው፣ የእኔ ልጅ። ፋርስ አገር ነው ያለው፤ ኢስፋሃን ይባላል ከተማው። እናቴ ከዚያ ዘመድ ነበራት።»

የፋርስ ንጉሥ ሻህ አባስ በ17ኛው መቶ ዓመት መባቻ፣ በአራስ ወንዝ ዳር የነበረችውን የጁልፋን ከተማ ሕዝብ ከነልጅ ልጁ አንሥቶ ወደ ኢስፋሃን አዛወረው። ፈቃድ ጠይቆ አልነበረም፤ የሐር ንግዱን በእጃቸው ሊያስኬድ ፈልጎ ነው። ከዛያንዴ ወንዝ ማዶ መሬት ሰጣቸው፤ ሠፈሩ አዲስ ጁልፋ ተባለ። በዚያ ሠፈር የተሠራው የቫንክ ካቴድራል ከውጭ ሲያዩት ጉልላቱ የፋርስ ነው፤ ሲገቡበት ግን ግድግዳው ሁሉ በመጽሐፍ ቅዱስ ሥዕል ተሸፍኗል። በፋርስ አገር የመጀመሪያው ማተሚያ የተተከለውም በዚያው በአርመኖች ሠፈር ነው። የአዲስ ጁልፋም ሰው በጊዜ ብዛት ወደ ሌላ አገር እየፈለሰ ቀንሷል።

«እኛ ከውጭ እንደ አገሩ ነን፤ ከውስጥ እንደ ራሳችን» አሉ ባልቴቲቱ ፎቶግራፉን እያዩ። «እዚህም እንደዚያው ነው። ልጆቼ ሎስ አንጀለስ ናቸው። ‘ነይ’ ይሉኛል። ሄጄ ነበር፤ ሁለት ወር ኖርኩ። አንድ ሰው ‘እንደምን አደርሽ’ አላለኝም። ተመለስኩ።»

አዛውንቱ በዚህ ጊዜ የመጡበትን ነገሩ። ባቡሩን፣ ጳጉሜን፣ እንቅቡን፣ እናት የሌላቸውን ልጆች አንድ በአንድ ተረኩ። በመጨረሻ ወረቀቱን ፈትተው ቁልፏን ከቡናው ሲኒ አጠገብ አኖሯት። ነሐሱ ጠቁሯል፤ በቀዳዳዋ ውስጥ የተበጠሰ ክር ቅሪት እንኳ አለ።

«አያቴ ‘አደራ ነው፤ ትመልሳለህ’ ብለው ነበር። አባቴ ባለቤቱን አላወቁትም። እኔም ዘገየሁ። ልጁ ዛሬ እንደማይኖር አውቃለሁ፤ ለወገኖቹ ልመልስ ብዬ ነው የመጣሁት። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ባልቴቲቱ ቁልፏን አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጓት። ብዙ ቆዩ። እሳቸው ራሳቸው የአርባዎቹ ልጆች ወገን አልነበሩም፤ አባታቸው በሌላ መንገድ፣ በሌላ ዓመት የመጡ ናቸው። ነገር ግን በልጅነታቸው ከአርባዎቹ አንዳንዶቹን ሽማግሌ ሆነው አይተዋቸዋል። ኬቮርክን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1915 በአይንታብ የተወለደውን የወንድሙን ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንንም እስኪሞት ድረስ፣ እስከ 1970 ዓ.ም. ገደማ፣ በሠፈሩ መንገድ ሲያልፍ ያዩት ነበር፤ በማዘጋጃ ቤቱና በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ስንቱን ኢትዮጵያዊ ሙዚቀኛ አሠልጥኗል።

«ጋሼ፣ ይህችን አልቀበልዎትም» አሉ በመጨረሻ።

አዛውንቱ ደነገጡ። «ምነው፣ አጠፋሁ?»

«አላጠፉም። አያትዎ ግን አንድ ነገር ተሳስተዋል፤ ነፍሳቸውን ይማርና። ይህች አደራ አይደለችም። ያ ልጅ ምንም አልነበረውም፤ አባት የለ፣ እናት የለ፣ አገር የለ፤ ገንዘብም የለ። የነበረው ኮቱ ብቻ ነው። ሆኖም ለማኝ አልነበረም። ቆሎውን በላ፤ የሚከፍለው ቢያጣ ከኮቱ ላይ በጥሶ ከፈለ። ይህች ዋጋ ነች። ከፍሎ የሄደን ሰው ገንዘብ ዛሬ ብትመልሱለት ታዋርዱታላችሁ።»

በክፍሉ ውስጥ ዝምታ ሆነ። አዛውንቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሸከሙት ነገር ስሙ ሲለወጥ ተሰማቸው። ከአያታቸው እስከ እሳቸው ድረስ ሦስት ትውልድ ያ ልጅ ምን እንዳጣ ሲያስቡ ኖረዋል፤ ምን እንዳላጣ ግን አላሰቡም ነበር። ያ የተላጨ ራስ፣ ያ ከመስኮት የወጣ እጅ ራሱን ችሎ የቆመ ሰው ነበር። አርባዎቹም ቢሆኑ የበሉትን እንጀራ በመለከታቸው ከፍለዋል፤ መምህራቸውም በዜማው ከፍሏል፤ አገሪቱም አርባ ዓመት ያለፈ ዘመን ዘምራዋለች።

ባልቴቲቱ ከመሳቢያ ውስጥ ወፍራም ደብተር አወጡ። በሠፈሩ የሞተውን፣ የተወለደውን፣ የሄደውን የሚጽፉበት ነው፤ ባለፉት ዓመታት ከተወለደው ይልቅ የሄደው ይበዛል። መነጽራቸውን አጥልቀው በአርመንኛ ፊደል መጻፍ ጀመሩ። ልጅቱ በትከሻቸው ላይ ዘንበል ብላ ታይ ነበር።

«የአያትዎ ስም ማን ነበር፣ ጋሼ?»

አዛውንቱ ነገሯቸው። ጻፉ። ከዚያ ብዕራቸው ቆመ።

«ቆሎ በአርመንኛ ምን ይባላል፣ እማማ?» አለች ልጅቱ።

«ቃሉ የለንም። ስለዚህ ቆሎ ብዬ ነው የምጽፈው» አሉ፤ በአርመን ፊደልም ቆሎ ብለው ጻፉት። ከዚያ ብዕሩን አኑረው ከመሐረቡ ላይ እፍኝ አነሡና ቆረጠሙ። ለጥርሳቸው ከበዳቸው፤ ሆኖም አልተዉትም።

አመሻሽ ላይ አያትና የልጅ ልጅ በመጡበት መንገድ ተመለሱ። ባልቴቲቱ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሸኟቸው። ባቡሩ ዳርማር ሲደርስ ልጅቱ ስሙን ቀስ ብላ ጠራችው፤ አሁን የምትጠራውን ታውቃለች። ቃሊቲ ወርደው፣ ከዚያም ታክሲ ይዘው አቃቂ ሲደርሱ መሽቶ ነበር። አዛውንቱ በጨለማው በአሮጌው ጣቢያ በኩል ዞሩ። ቁልፏን ከኪሳቸው አውጥተው ለልጅቱ ሰጧት።

«አደራ ነው፣ አባባ?» አለች።

«አይደለም። አልሰማሽም?» አሉ አዛውንቱ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዙሪያ የነበሩ በርካታ አሮጌ ሠፈሮች፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ፣ ፈርሰው መንገዱ ሰፋ፤ በዚያው ዓመት የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቆ ተከፈተ። አዛውንቱ ይህን ሳያዩ ዐርፈዋል። የልጅ ልጃቸው ዛሬ ሥራ ይዛለች፤ በፒያሳ በኩል ስታልፍ መንገዱ ይጠፋባታል፤ «አርመን ሠፈር በየት በኩል ነው?» ብላ ስትጠይቅ ግን የሚያሳያት ሰው አታጣም።

ቁልፏን በክር አድርጋ ታጠልቃታለች። ምን እንደ ሆነች ለሚጠይቋት ሁሉ የምትመልሰው አንድ ነው፤ «የቆሎ ዋጋ ናት» ትላለች።